«እስከ» ወዴት ያደርሳል? ምርጫና ከሞት በኋላ ያለ ተስፋ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኛውን ጊዜ የሚተነተነው ከማኅበራዊ ሂስ አንጻር ነው። የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት፣ የገበሬው በደልና የጉዱ ካሣ ነቀፋ ተደጋግመው ተነሥተዋል። በዚህ ንባብ የልቦለዱ ፍጻሜ ሽንፈት ሆኖ ይታያል፤ በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ወንጌልም ትመነኩሳለች። ይህ ንባብ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ፍጻሜው ስለ ግል ምርጫ የሚለው ነገር አለውና።

መነሻችን ስለት ነው። ውድነሽ በጣሙ ልጇን ከሞት ለማትረፍ ስትል ለቤተ ክርስቲያን ትሳለዋለች፤ በዛብህም ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይጠበቃል። የእናቲቱ እምነት እውነተኛ ነው፤ ጭንቀቷም የማናችንንም አንጀት ይበላል። ሆኖም የሰጠችው የራሷን ሕይወት ሳይሆን የሌላውን ነው። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሲወድ የሚጋፋው የፊታውራሪን ትዕቢት ብቻ ሳይሆን አፉን ሳይፈታ የተገባበትን ቃል ጭምር ነው።

ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ስትኰበልል የመነኵሴ ልብስ ትለብሳለች። ልብሱ ያን ጊዜ መደበቂያ ነው። ከበዛብህ ሞት በኋላ ግን ያው ልብስ እውነተኛ ኑሮዋ ይሆናል። እዚህ ላይ የልቦለዱ ትልም ሁለቱን ፍቅረኞች ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፤ በዛብህ ሳይመርጠው የታዘዘበትን ብሕትውና ሰብለ መርጣ ትገባበታለች። በውጭ ሲታይ ኑሮው አንድ ነው፤ የሚለየው የመረጠው ሰው ማንነት ነው።

«የሚመረጥ ሳይኖር ምን ምርጫ አለ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የሰብለ መንገድ በእርግጥ ጠባብ ነው። ነገር ግን አባቷ ባል ሁሉ አላቻዋ ነው እያሉ ሲመልሱ ዕጣዋን የምትጠብቅ የነበረችው ልጅ ፍቅሯንም፣ ስደቷንም፣ ምንኵስናዋንም በራሷ ወስናለች። የጠበበ ምርጫ ምርጫ መሆኑን አያጣም።

ከዚህ ወደ ርእሱ እንመለስ። በአማርኛ «እስከ» ወሰንን ያመለክታል፤ ወሰኑ በውስጥ ይሁን በውጭ ግን ቃሉ ብቻውን አይነግረንም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ እሠራለሁ» የሚል ሰው ዓርብንም ይሠራል፤ «እስከ ፋሲካ እጾማለሁ» የሚል ግን በፋሲካ ዕለት ይፈስካል። ታዲያ ፍቅር ከመቃብር ደጃፍ ይቆማል ወይስ ይዘልቃል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚመነኵስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ስለሚቈጠር በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። በዚህ ዓይን ካየነው ሰብለ ወሰኑን በሕይወት ሳለች ተሻግራዋለች፤ በዛብህን ያጣችው ከዚህ ወዲህ ነው፣ ተስፋዋ ከዚያ ወዲያ ነው።

ደራሲው ከመቃብር ወዲያ ያለውን አይተርኩልንም። መገናኘታቸውን ቢያረጋግጡልን ኖሮ ልቦለዱ ስብከት በሆነ፤ ተስፋዋን ከንቱ ቢያደርጉባትም ሰብለን ባሳነሷት ነበር። የጉዱ ካሣ ተስፋ በዚህ ዓለም መለወጥ ላይ ሲያርፍ የእርሷ በሚመጣው ላይ ያርፋል። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ተስፋቸውን ከሌላ ሰው እጅ አለመቀበላቸው ነው። ስለዚህ ልቦለዱ የሚከሰው እምነትን ሳይሆን በሌላው ሰው ሕይወት የሚገባን ቃል ነው ብንል ከድርሰቱ አንርቅም።