ከሲኒ ከንፈር እስከ ጋቢ ክር
ስለ ማክሮ ፎቶግራፍ አጭር ሒስ

እንደሚታወቀው ወሎ ከዓለም የፎቶግራፍ ተመልካች ጋር የተዋወቀው ከሩቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የረሃቡን ፊልም ባሳየ ጊዜም ሆነ፣ በ1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ምስል ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ በተመልካቹ አእምሮ የቀረው ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ነው። የእነዚህን ምስሎች ውለታ መካድ አይቻልም፤ እህል አስመጥተዋል። ነገር ግን ያ ሕዝብ ቡና የሚጠጣበት ሲኒ፣ የሚለብሰው ጋቢ፣ በጣቱ የሚቆጥረው ሙስባሃ በዚያ ርቀት አይታይም። ዛሬም ደሴን ሊያነሣ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚሻው ከተማዋን በሙሉ የሚያሳየውን የጦሳን ተዳፋት ነው።

ማክሮ ፎቶግራፍ የሚጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ፣ ዕቃው በፊልሙ ላይ የሚያርፈው በራሱ ልክ ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ አዝራር በፊልሙም ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሌንሱ በማራዘሚያ ቱቦ ከካሜራው ሲርቅ ወደ ፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 16 ቁጥር ቢጠብ እንኳ በጥራት የሚታየው ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንሺው የትኛዋ 2 ሚሊ ሜትር እንደምትነገር መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የሒሱም ጉዳይ ይህ ምርጫ ነው።

ይህ ጸሐፊ በደሴ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሁለት ሲኒዎች አንሥቶ ነበር። የመጀመሪያው ከሱቅ የመጣ አዲስ ሲኒ ነው፤ ወርቅማ ጠርዙ በጠዋት ብርሃን እንደ ጨረቃ ጠርዝ አበራ። ያየው ሁሉ አደነቀ፣ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ሁለተኛው እናቴ ለብዙ ዓመታት ያጠበችው ነው። ወርቁ በከንፈርና በእጥበት ብዛት ሳስቶ ነጩ ገላው ብቅ ብሏል፤ አበባውም ደብዝዟል። መስኮቱ ያው፣ ሌንሱም ያው ነው። የመጀመሪያው ምስል ያማረ ጌጥ ሲሆን ሁለተኛው ግን ታሪክ አለው፤ በእኔ ሚዛን ሥራ የሚባለው እርሱ ብቻ ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አልበርት ሬንገር ፓች በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ዓለም ውብ ናት» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያወጣ ብዙዎች አጨበጨቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐያሲው ቫልተር ቤንያሚን፣ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ተራ ቆርቆሮን ሊያገንነው እንደሚችል፣ ቆርቆሮው የተሳሰረበትን የሰው ለሰው ግንኙነት ግን እንደማያሳይ ተከራከረ። በርቶልት ብሬሽትንም ጠቅሶ፣ የፋብሪካ ፎቶግራፍ ስለ ፋብሪካው እምብዛም እንደማይናገር አመለከተ። ትችቱ ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው ሲኒዬም አያመልጠውም። ሆኖም ቤንያሚን ኮምቦልቻን ቢያይ ኖሮ ምናልባት አንድ ነገር ይጨምር ነበር እላለሁ።

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ከሚገኘው ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚነሣ ፎቶግራፍ በእርግጥ አጥርና ጣሪያ ብቻ ነው። እስቲ ደግሞ ሰኞ ገበያ የተገዛ የሸማኔ ጋቢ በሌንስ እንቅረበው። ብዙ ሸማኔዎች ዛሬ ለድሩ የፋብሪካ ፈትል፣ ለማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ይጠቀማሉ። በማክሮ ሲታይ ድሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቀጭን ነው፤ ማጉ ግን አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሰልላል፤ ፈታይዋ እንዝርቷን ስታሾርና ጥጧን ስትስብ እጇ የፈጠነበትና የዘገየበት ይታያል። መኪናና እጅ፣ ወዛደርና ፈታይ፣ በአንዲት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተጠላልፈዋል። የሰው ለሰው ግንኙነት ከዚህ በላይ በምን ይገለጣል? ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በአዝራርና በክር ሥራዎቹ የተራ ዕቃን ክብር አሳይቶናል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ግን ገና ወደዚህ በር በሚገባ አልቀረቡም።

ቅርበት ሌላም ሥራ አለው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። የተሰረቀ ቅርስ በገበያ ቢገኝ የእኛ መሆኑን የሚያስረዳው «የቀንድ ዋንጫ፣ ጥቁር» የሚል መዝገብ አይደለም። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነው የቅርስ መለያ ዓለም አቀፍ መስፈርት በጽሑፍ ላይ፣ በጉዳት ላይና በጥገና ላይ የቀረበ ፎቶግራፍ እንዲነሣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የፎቶግራፍ ክበባት ማስመሪያ ከዕቃው ጎን አስቀምጠው፣ በመስኮት ብርሃን፣ በየቤቱና በየገዳሙ፣ በየመስጊዱም ያለውን ቢያነሡ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። ከዋንጫው ይልቅ ግን ቀድመው ጠርዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያንሡ፤ ጨረቃ መስላ የታየችው ሲኒዬ እንኳ ብትጠፋ፣ በዚያ ምስል ከሌሎቹ አዳዲስ ሲኒዎች ለይቼ ላገኛት አልችልም።