ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት

ቀን የሚቀይር ፕሮግራም ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማስገባው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ የተወለዱበት ዕለት። መልሱ ኦገስት 17 ቀን 1844 መሆን አለበት። ኦገስት 18 ካለኝ፣ ሠሪው የዛሬውን ልዩነት እንዳለ ወደ ኋላ ወስዶታል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን በ29 አልጨረሰም፤ ከዚያ በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ ነበር። የዓድዋ ጦርነት ማርች 1 ተደርጎ በዓሉ ዛሬ ማርች 2 ላይ የሚውለውም ለዚሁ ነው። ቀጥሎ የዘመነ ሉቃስን ጳጉሜን 6 እጠይቃለሁ፦ የ2015ቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት።

ከዚያ ቀኑ የት እንደተቀመጠ አያለሁ። የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ሳጥን ውስጥ የከተተ ሰው ጥቅምት 30 ላይ ይያዛል። ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን ብሎ ለጃቫስክሪፕት በቁጥር ሲሰጠው፣ ጃቫስክሪፕት ሳይከራከር ማርች 1 ወይም 2 ያደርገዋል። የካቲት 30 ደግሞ ይብሳል፤ ጁን 30 ሆኖ በሰላም ያልፋል፣ ማንም ሳያውቅ። ጥሩ ሠሪ ቅጽበቱን በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያስቀምጥና ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው መጨረሻ ላይ፣ ለአንባቢው ሲያሳይ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ላይ ልቆይ። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን የተሰጠኝ የቀጠሮ ወረቀት «14/06/2016 2:00» ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት መስሎኝ በዚያ ብርድ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ለካ ከቀኑ 8 ሰዓት ኖሯል። ወረቀቱ «ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት» ቢል ማንም አይሳሳትም ነበር። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ሲጠየቅ ወሩን በስሙ ያወጣል፤ ሰዓቱን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይተወዋል። ስድስቱን ሰዓት መቀነስ የሠሪው ፋንታ ነው። ሲቀንስም ንጋት ላይ «0 ሰዓት» ሳይሆን «12 ሰዓት» መውጣት አለበት። «ከረፋዱ» እና «ከምሽቱ» በየቦታቸው ከገቡ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። ኮምፒውተሩ ዕለቱን እኩለ ሌሊት ላይ ይለውጣል፤ ለእኛ ግን እስኪነጋ ሌሊቱ የዋለው ቀን ሌሊት ነው። ማክሰኞ 03:00 የሚነሣ አውሮፕላን «ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ልጃቸውን ሊሸኙ ከአንኮበር የሚወርዱ እናት ማክሰኞን ውለው ማታውን ቦሌ ይደርሳሉ። «ሰኞ ለማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም ሳይ፣ ሠሪው እኒያን እናት አስቦ እንደሠራ አውቃለሁ።