ከቤተ ሰብ ወረቀት የተገኘ ግጥም፤ የኤሚሊ ዲክንሰን ጽሕፈቶችና የአሳታሚዎቿ ሥራ

ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ያላሳተመው ግጥም በቤተ ሰብ ወረቀቶች መካከል በተገኘ ጊዜ አሳታሚውን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው ቃሉን ማንበብ፥ ሁለተኛው ወረቀቱን ማንበብ ነው። ብዙዎች የፊተኛውን ፈጽመው የኋለኛውን ይተዉታል። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ለመረዳት የአሜሪካዊቱን ባለቅኔ የኤሚሊ ዲክንሰንን ጽሕፈቶች ታሪክ መመርመር ይበቃል። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ዲክንሰን በማሳቹሴትስ በአምኸርስት ከተማ በ1830 ተወልዳ በ1886 በዚያው ሞተች። በሕይወቷ የታተመላት ግጥም ወደ 10 ያህል ብቻ ነበር። እኅቷ ላቪንያ ከሰው የተጻፉላትን ደብዳቤዎች በአደራዋ መሠረት ካቃጠለች በኋላ ግጥሞቹን አገኘች። ከእነዚህም ከ800 የሚበልጡት ባለቅኔይቱ ራሷ በክር በሰፋቻቸው 40 ትንንሽ ጥራዞች የተገለበጡ ነበሩ። የቀሩት በብጣሽ ወረቀት፥ በፖስታ ጀርባና በደብዳቤ ላይ ተበትነው ነበር።

በ1890 የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጡት ሜብል ሉሚስ ቶድና ቶማስ ሂጊንሰን ለብዙዎቹ ግጥሞች ርእስ ሰጡ፤ ጭረቶቿን በተለመደው ሥርዐተ ነጥብ ተኩ፤ ቤት ያልመታውንም ስንኝ አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ለውጠው አስተካከሉ። ግጥሞቹንም ሕይወት፥ ፍቅር፥ ተፈጥሮ፥ ጊዜና ዘላለም ብለው በአራት ደለደሏቸው። እነርሱ ባይደክሙ አንባቢ ባልተገኘም ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ጥራዞቹን ፈትተው በአዲስ ክፍል መደልደላቸው ባለቅኔይቱ ያቆመችውን ቅደም ተከተል ሰወረው።

ከዚያም የቤተ ሰብ ጠብ ተጨመረበት። በመሬት ምክንያት የተነሣው ክርክር ላቪንያንና ቶድን ስለ ለያያቸው፥ በቶድ እጅ የነበሩት ወረቀቶች ለብዙ ዓመታት ተዘግተው ቆዩ። ለወንድሟ ሚስት ለሱዛን የላከቻቸው ግጥሞች ደግሞ በሱዛን ልጅ እጅ ቀርተው በ1914 ለብቻቸው ታተሙ። ዛሬም ጽሕፈቶቿ በአመዛኙ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በአምኸርስት ኮሌጅ ተከፍለው ይገኛሉ።

ቶማስ ጆንሰን በ1955 1,775 ግጥሞችን ከነልዩ ልዩ ንባባቸው በሦስት ቅጽ አሳተመ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተጻፉበት ብሎ በገመተው ዘመን ስለ ደረደራቸው ጥራዞቹ እንደ ተበተኑ ቀሩ። ራልፍ ፍራንክሊን በ1981 ጥራዞቹን መልሶ አቀናጅቶ በፎቶግራፍ ባወጣቸው ጊዜ ግን ገጹ ራሱ መናገር ጀመረ። ባለቅኔይቱ በአንዳንድ ቃል አጠገብ ትንሽ መስቀል አድርጋ ከግጥሙ ግርጌ ሌላ ቃል ትጽፋለች፤ የፊተኛውንም አትሰርዝም። እንግዲህ አንዱን መርጦ ሌላውን የሚጥል አሳታሚ እርሷ ያልፈረደችውን ፍርድ ይፈርዳል። የአንድም ትርጓሜን ለለመደ ሰው የአማራጭ መብዛት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ግን በአንድም የሚበዛው ፍቺው ሲሆን በዚህ የሚበዛው ቃሉ ራሱ መሆኑ ነው።

አንባቢ የሚጨበጥ ግጥም ይሻልና መምረጥ ግድ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይምረጥ፤ የተወውንም ከግርጌ ያኑር። የጥራዞቹ ቅደም ተከተል ታስቦበት ነው ወይስ በአጋጣሚ የሚለው ክርክር በሊቃውንት ዘንድ አላለቀም። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ግን ማስረጃው በመትረፉ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሰምና ወርቅ ግጥም ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለማን፥ በምን ምክንያት እንደ ተነገረ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ከቤተ ሰብ ደብዳቤ ወይም ከሒሳብ መዝገብ ኅዳግ ግጥም የሚገለብጥ ሰው፥ ወረቀቱ የማን እንደ ነበረ፥ ለማን እንደ ተላከ፥ ከላይና ከታች ምን እንደ ተጻፈ፥ ምንስ እንደ ተሰረዘ አብሮ ይመዝግብ። ይህን የተወ ሰሙን ይዞ ይመለሳል፤ ወርቁ ከወረቀቱ ጋር ይቀራል።