«ተጣጣፊ ጥርስ» ስለሚለው ስያሜ

በወለቀ ጥርስ ምትክ የሚገባውን፣ መደቡ ከናይለን ወገን የሆነውን ሰው ሠራሽ ጥርስ «ተጣጣፊ»፣ «ተለጣጭ» ወይም «ተነቃይ» ብሎ መሰየም ለተርጓሚ ይቀናዋል። ሦስቱም ግን መመርመር ይገባቸዋል። ስያሜ የሚፈተነው በሕሙሙ ጆሮ ስለ ሆነ፣ የወረታንና የፎገራን ሜዳ ሰው መመዘኛ እናድርግ።

«ተጣጣፊ» አልጋንና ወንበርን ያስታውሳል፤ «ተለጣጭ» ተስቦ የሚረዝመውን ላስቲክ። የናይለኑ መደብ ግን ሲጫኑት ጎንበስ ብሎ ወደ ቅርጹ ይመለሳል እንጂ አይታጠፍም፣ አይረዝምም። የፎገራ ገበሬ የሩዝ አዝመራው በነፋስ ሲያጎነብስ «ልምጥ አለ» ቢል ትክክለኛውን ቃል አገኘ፤ «ልምጭ»ም የዚሁ ዘር ነው። ደግሞም የሚለመጠው መደቡ ነው፤ ጥርሱ ጠንካራ ነው።

«ተነቃይ» ከሁሉ የባሰ ነው። ጥርስ ተነቀለ ማለት በጉጠት ወጣ ማለት በመሆኑ፣ ለሕክምና ወረታ የገባ ሰው ቀሪ ጥርሱ የሚነቀል ሊመስለው ይችላል። አማርኛ ግን ለቀለበትም ለጫማም «ማጥለቅ» የሚል ግሥ አለው።

ስለዚህ «ባለ ተለማጭ መደብ የሚጠለቅ ጥርስ» ቢባል ይሻላል። መርዘሙ ጉድለት ነው፤ በአጭሩ «ተለማጭ መደብ» ማለት ይቻላል።

ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። ይህ መደብ የብረት ማያያዣ ባይሻም፣ ሲሰነጠቅ ወይም ድድ ሲሸሽ እንደ አክሪሊኩ በቀላሉ አይጠገንም፣ አይስተካከልም። «ተለጣጭ» የተባለለት ሕሙም ግን ከድዱ ጋር አብሮ የሚሰፋና የሚጠብ መስሎት ይመርጠዋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቀድሞ መከላከል የስያሜ ሥራ ነው።