የነገሩ ስም እስኪታወቅ

ሙግት መስማት የሀገራችን ሰው የቈየ ፍቅሩ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ባላጋሮች በመንገድ ዳር «በልሃ ልበልሃ» ተባብለው በተጠየቅ ሲገጥሙ፣ ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ሸክሙን አውርዶ ይቆም ነበር፤ አላፊው መንገደኛም ዳኛ ሁነን ተብሎ ይለመን ነበር። በማር ወይም በበቅሎ የተወራረደ ተሟጋች አንዲት ቃል ቢስት ይረታልና፣ የቆመው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። በሶስና ታሪክም ዳንኤል ሁለቱን ረበናት ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ሲጠይቃቸው ሰሚውን የሚይዘው ይኸው ጣዕም ነው። ስለዚህ ዛሬ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው የፍርድ ቤት ልብ ወለድ ከባሕር ማዶ ሲመጣልን በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም።

ጣዕሙ ግን ከምን ይመነጫል? ብዙ ሰው «ገዳዩን ለማወቅ ካለ ጉጉት ነው» ይላል። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። አሜሪካዊው ጆን ግሪሻም፣ ራሱም ጠበቃ የነበረው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ያወጣውን የመጀመሪያ መጽሐፉን ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ቃል ወስዶ «ለመግደል ጊዜ አለው» ብሎ ሰየመው። ሁለት ነጮች የአንድ ጥቁር ሰው ልጅ የሆነችውን የዐሥር ዓመት ሕፃን ደፈሩ፤ አባትዮውም በፍርድ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ተደብቆ ጠብቆ ሁለቱንም ገደላቸው። ይህን ሁሉ አንባቢው እንደ ዐይን ምስክር ያየዋል፤ የተሰወረ ገዳይ የለም። እንዲህም ሆኖ መብራቱን ሳያጠፋ ሲያነብ ያነጋል። የሚጠብቀው የነገሩን ስም ነውና፤ ይህ ሥራ ነፍስ ግድያ ይባል ይሆን፣ ወይስ ሌላ ስም ይወጣለት ይሆን?

ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች በመጨረሻ «አእምሮውን ስቶ ነበር» ብለው ነጻ ያወጡታል፤ አንባቢውም እፎይ ይላል። እኔ ግን በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ አለኝ። መሣሪያውን አስቀድሞ ያፈላለገ፣ የሚደበቅበትን ስፍራ ያጠና ሰው አእምሮውን እንዳልሳተ ያሳየን ደራሲው ራሱ ነው። እንግዲህ የተሰጠው ስም ሐሰት ነው፤ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ የነበረውም አንባቢ እንባን እንደ ጉቦ ተቀብሏል። መክብብ ከመግደል ጊዜ አስከትሎ የመፈወስን ጊዜ ይናገራል፤ አርእስቱ ግን ግማሹን ቈርጦ አስቀርቷል። ሆኖም በዚያ ተኵስ እግሩን ያጣው ፖሊስ በችሎት ቆሞ ገዳዩን ይቅር ሲለው የተጻፈው ስፍራ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ነው፤ የተቈረጠው ግማሽ በዚያ ተመልሶ ይታያልና።

ይህን የሚመስል ሙግት፣ ያውም በእውነት የሆነ፣ ከዚሁ ከአርሲ ደጋ ተነሥቷል። በፈረንጆች 1996 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት፤ ጠላፊውም ዘግቶባት ደፈራት፤ ጠመንጃ ይዛ ስትሸሽ ቢከተላት ተኵሳ ገደለችው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመውላት፣ ሁለት ዓመት ያህል ከተሟገቱ በኋላ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ታሪኩን በፊልም ሠርቶ «ድፍረት» አለው፤ በ2014ም በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

አርእስቱ የቅኔ ሰው ሥራ ይመስላል። ኅብር ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ቃል የበዳዩን ግፍም የተበዳይዋን ልበ ሙሉነትም ባንድ ጊዜ ይናገራል። የፊልሙም ልብ አንጠልጣይነት በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ልጅቱ መግደሏን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጠለፋው የጋብቻ ወግ ከተባለ እርሷ ባሏን የገደለች ትሆናለች፤ ወንጀል ከተባለ ነፍሷን ያዳነች ትሆናለች። ሕጉም ቢሆን በሁለት ልብ የነበረ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ክሱን ያስቀር ነበርና። ይህ መሸሸጊያ የተነሣው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው፤ ልጅቱ ከተፈረደላት ከዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ከፊልሙ የሚበልጠው የሽማግሎቹ ሸንጎ ነው። በየተራ እየተነሡ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ ይናገራሉ፤ ክፉ ሰዎች ሆነው አልተሣሉም፤ የአባቶቻቸውን ፍርድ የሚጠብቁ ናቸው። ልጅቱ ከቀዬዋ እንድትርቅ ሲፈርዱም ተመልካቹ ይቈጣል እንጂ ሊንቃቸው አይቻለውም። በአሰላ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን አንድ ነገር ይጐረብጠዋል፤ የአርሲ ገበሬ በኦሮምኛ የሚሟገተውን በአማርኛ እንዲናገር ማድረጋቸው የሸንጎውን ለዛ ቀንሶታል። የከተማው ችሎት ደግሞ ከዚህ ሸንጎ ያነሰ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሰው ከመሆን ይልቅ መሰናክል ብቻ ሆኖ ቀርቧል። በዚህ በዚህ ግሪሻም ይበልጣል፤ ባላጋራውን ብርቱ አድርጎ ማቆም ያውቅበታል። የፊልሙ ብልጫ የሰጠው ስም እውነተኛ መሆኑ ነው።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ታሪኩ የእኔ ነው ያለችው ሴት አቤት ብላ ነበር። በእኛ ስም የተሠራ ሥራ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ሙግት በግሪሻም መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የዚያች ሕፃን አባት ገደለላት፣ ጠበቃው ተናገረላት፣ ፈራጆቹ አለቀሱላት። የአርሲዋ ልጅ ግን ሁለተኛ ጊዜ ከችሎት ፊት ቆመች፤ በዚህ ጊዜ ከሳሽ ሆና።