አራት ጊዜ አምስት

ማንኩሳን አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኔ የማውቃት በባሌስትራ፣ የመኪና ጭነት ተሸክሞ በሚለመጠው ድርብርብ ብረት ነው። ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ከልኩ በላይ ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያዘግመው አይሱዙ፣ ሲያቃስት ደጄ ላይ ይቆማል።

ብየዳ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ገበሬ ለጋሪው መሻገሪያ ቦይ ላይ የሚጋደም ብረት አዘዙኝ። 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት አጣሁ። «ልጄ፣ አራት ጊዜ አምስት ሃያ አይደል?» አሉኝ። ነዋ! አራት ባለ 5 ሚሊ ላሜራ ደራርቤ ሰጠኋቸው። ጋሪው ሲወጣበት እንደ አልጋ ጠፍር ረገበ።

ግትርነት የሚሰላው ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ለሃያው 8000 ይመጣል፤ ለአምስቱ 125፣ አራቱ ተደምረው 500። ወፍራሙ 16 እጥፍ ይገትራል ማለት ነው። ተጣምሞ እንዲቀር የሚያደርገው ጭነት ደግሞ 4 እጥፍ ነው። ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ደብተር ይጠፍ፤ ሉኮቹ እርስ በርስ ተንሸራተው ጠርዙ ተዳፋት ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፣ እውነት ነው፤ ድር ግን የሚሳብ እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። የላሜራዎቹን ጠርዝ ዙሪያውን ስበይደው መንሸራተቱ ቀረ፤ ጋሪውም ተሻገረ።

ይህን ባወቅሁ ማግስት ባሰብኝ። አንድ ሾፌር «ባሌስትራው ለሰለሰብኝ፣ አጠንክርልኝ» ቢለኝ ድርብርቦቹን ጫፎቻቸው ላይ አንድ ላይ በየድኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ተሰንጥቆ መጣ። «ወንድሜ፣ አጠነከርከው ወይስ ገደልከው?» አለኝ።

ባሌስትራ እኮ የሚደረደረው እንዲንሸራተት ነው። መሃሉን ቡሎን ቢጠፍረውም ጉዳት የለውም፤ መንሸራተቱ የሚበረታው ወደ ጫፎቹ ነው። አራት እኩል ስስ ብረቶች ልቅ ሆነው ሲደረደሩ፣ የድምራቸውን ያህል ውፍረት ካለው አንድ ብረት ይልቅ ተጣመው ሳይቀሩ 4 እጥፍ ወደ ታች ይለመጣሉ። የመንገዱን ጉድጓድ የሚውጠው ይህ መለመጥ ነው። እኔ አንድ አደረግኋቸውና መለመጡን ነጠቅኋቸው፤ በዚያ ላይ የብየዳው እሳት የብረቱን ብርታት አበላሸው። ዝገትም ቀስ እያለ ያንኑ ማጣበቅ ይሠራል፤ ለዚህ ነው በየድርብርቡ መሃል ግራሶ የምንቀባው።

አሁን ድርብ ብረት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንዲገትር ነው የምትፈልገው ወይስ እንዲለመጥ?

የሾፌሩን ባሌስትራ በራሴ ወጪ ተካሁ። የተሰነጠቀውን የሰፈራችን ቀጥቃጭ ወስዶ ቢላዋዎች ሠራበት፤ አንዱ እኛ ቤት ዛሬም ሽንኩርት ይከትፋል።