«አካል ጉዳተኛ» በሚለው ስያሜ ላይ ጥቂት ሂስ

በካርቱም ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር ዕለት ነበር። ቡሪ የተባለው ሠፈር ከሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ ስለሆነ ተኩሱን ከደጃፉ ሰማ። በከተማይቱ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በገዳሪፍ አቋርጠው በመተማ ገቡ። ጥይት ያልነካውን ሁሉ «እግዜር አተረፈው» አልነው። ታዲያ በር ሲጋጭ የሚደነብረው፣ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን የሚያነጋው፣ ገበያ መሐል መቆም ያቃተው ሰው በሕግ ፊት ምን ይባላል?

ሐኪሞች ስም ሰጥተውታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድኅረ ሰቆቃ ጭንቀትን እ.ኤ.አ. በ1980 ከሕመሞች መዝገብ አስገብቶታል።

የሕጉ ነገር ግን ያከራክራል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በትርጓሜው የአእምሮን ጉዳት ጠቅሷል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም እንዲሁ። ሱዳንም የስምምነቱ ተካፋይ ናት። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው። የሚያደናቅፈው ስያሜው ነው። «አካል ጉዳተኛ» ሲባል የሰማ ሁሉ ክራንች ይፈልጋል፤ ትርጓሜው ያስገባውን ሰው ስያሜው መልሶ ያስወጣዋል። የአማርኛ መምህራን ይፍረዱን!

ስምምነቱም ቢሆን ጉዳቱ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ሕመም ደግሞ ወር ሙሉ ተኝቶ አንድ ቀን ርችት ሲተኮስ ይነሣል። በሰላሙ ወር የመረመረው ሰው «ድኗል» ቢል አይፈረድበትም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ መልኩ ክፉኛ የተበላሸ ሠራተኛ የመሥራት ችሎታው ባይቀንስም እንኳ፣ ለካሣ ሲባል ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት እንደደረሰበት ይቆጠራል። መልካም ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ሥራ ያላስፈታ ጠባሳ ከተቆጠረ፣ ሥራ ያስፈታ ሥጋት በግልጽ ያልተጻፈበት ምክንያት አልታየንም።

ተማሪውስ? አዋጅ 568 የሚናገረው ስለ ሥራ ነው፤ ከካርቱም መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ሠራተኛ አይደለም። ፈተና ጥሎ ሲወጣ «ሰነፍ» ይባላል። የክፍል ኃላፊው መምህር ያየውን በየቀኑ ጽፎ ቢያኖር፣ ልጁ ሐኪም ዘንድ በደረሰ ጊዜ ሕመሙ እየሄደ እንደሚመለስ የሚያስረዳለት ያ ማስታወሻ ብቻ ሊሆን ይችላል።